ሻቶኔፍ ዱ ፓፕን ሳያበላሹ መጠጣት፦ ከድንጋዩ እስከ ጥብሱ

የአክስቴ ልጅ ለገና ከፓሪስ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ ነበር። አክስቴ «ለፋሲካ ይሁን» ብላ ቡፌው ላይ አቆመችው። እዚያው ከረመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ትገባና ልክ እሱ ላይ ታርፋለች። የፋሲካ ለት ዶሮው ቀረበ፣ ጠርሙሱ ወረደ፣ ቡሹ ተነቀለና መጀመሪያ ለአጎቴ ተቀዳላቸው። አንዴ ፉት አሉ። ብርጭቆውን አተኩረው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄ ወይን ነው ወይስ ካቲካላ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው አጎቴ ልክ ነበሩ። ጠርሙሱ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ነበር፤ ከፈረንሳይ ቀይ ወይኖች ስሙ ከገነነው አንዱ። ጥፋቱ የእኛ ነው። በጠራራ ፀሐይ የበሰለ ወይን ፀሐይ ላይ አቆምነው፣ እንደሞቀ ቀዳነው፣ ከዚያ በርበሬው እፍ ከሚያሰኝ ዶሮ ጋር አቀረብነው። ሙቀት በሙቀት ላይ ደረብን።

ስለዚህ ወይን ማወቅ ያለባችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይገናኛል። ውበቱም አደጋውም ሙቀቱ ነው። ከግዢ እስከ ማዕድ ድረስ የምትሠሩት ሥራ ያንን ሙቀት መግራት ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ አገሩን እወቁ

ይህን ደረጃ ዘልላችሁ ወደ ምግቡ መሄድ ትችላላችሁ። ግን አትዝለሉት፤ ኋላ የምላችሁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፈረንሳዮች «ቴርዋር» የሚሉት ቃል አላቸው። አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ ነፋሱ፣ ፀሐዩና የገበሬው ልማድ አንድ ላይ ሆነው ለመጠጡ የሚሰጡት ጠባይ ማለት ነው። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የይርጋ ጨፌን ቡና ከሐረር ቡና በሽታው የሚለይ ሰው ቃሉን ባይሰማም ቴርዋርን ያውቃል።

ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የመንደር ስም ነው። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሮን ወንዝ ግራ ዳር፣ በአቪኞንና በኦራንዥ መካከል ትገኛለች። ትርጉሙ «የሊቀ ጳጳሱ አዲስ ግንብ» እንደ ማለት ነው። በ1309 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ክሌመንት 5ኛ መቀመጫቸውን ወደ አቪኞን አዞሩ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የተኳቸው ዮሐንስ 22ኛ ደግሞ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለች ኮረብታ ላይ የበጋ ማረፊያ ግንብ አስገነቡ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ወይን «የሊቀ ጳጳሱ ወይን» ተባለ። ግንቡ ዛሬ የቀረው አንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ በ1944 የጀርመን ወታደሮች ሲያፈገፍጉ አፈነዱት። መንደሯ የአሁኑን ስሟን በይፋ ያገኘችው በ1893 ነው። ከዚያ በፊት ሻቶኔፍ ካልሰርኒዬ ነበር የምትባለው። በዚያ ስም ወይን መሸጥ ይቻል ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ታዋቂዎቹ ማሳዎች ላይ ስትቆሙ አፈር አታዩም። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ ጡጫ፣ አንዳንዱ የሰው ጭንቅላት ያህላል። ከአልፕስ ተራሮች ተፈንቅሎ፣ ሮን ወንዝ በረዥም ዘመን እያንከባለለ ያለሰለሰው ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣል። ማታ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ግለቱን እንደያዘ እንደሚቆይ ምጣድ፣ ያንን ሙቀት ከበላዩ ለተንጠለጠለው ፍሬ ይመልሳል። ከድንጋዩ በታች ቀይ ሸክላ አፈር አለ። የክረምቱን ዝናብ አምቆ ይይዛል፤ ድንጋዩም ክዳን ሆኖት ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። በደረቁ በጋ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ሁሉም ማሳ ግን ድንጋያማ አይደለም። ፖስትካርድ ላይ የሚወጣው ድንጋዩ ስለሆነ ሰው አሸዋውን ይረሳዋል። ሻቶ ራያስ የሚባለው እጅግ ውድ ወይን የሚመጣው በዛፍ ከተከበበ፣ ቀዝቀዝ ካለ አሸዋማ መሬት ነው። ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ አፍ ላይ የሚለሰልስ ነው። በሌላው ጫፍ ላ ክሮ የሚባለው ድንጋያማ አምባ አለ፤ የቪዩ ቴሌግራፍ ወይን ከዚያ ይመጣል። እሱ ወፍራም፣ ጡንቻ ያለው ነው። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ የተጻፈው የመንደር ስም አንድ ነው።

ነፋሱም አለ። ሚስትራል ይሉታል። ከሰሜን በሮን ሸለቆ እየተምዘገዘገ የሚወርድ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። አንዳንዴ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ሰውን ያሰለቻል፤ ለወይኑ ግን ሐኪም ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዘለላውን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ሻጋታም አያስጠጋውም። ግሬናሽ የሚባለው ዋናው የወይን ዓይነት እዚያ ያለ ሽቦ፣ አጭር ቁጥቋጦ ሆኖ የሚተከለው አንድም ነፋሱን እንዲችል ነው።

ግሬናሽ የዚህ ወይን አከርካሪ ነው። ስኳሩ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ሲብላላ አልኮሉ ይወጣል። ኮምጣጣነቱ ግን ዝቅተኛ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ምግብ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል። ሲራ የሚባለው ዓይነት ቀለምና ቁንዶ በርበሬ፣ ሙርቬድር የሚባለው ደግሞ አጥንትና የሥጋ ቃና ይጨምሩለታል። ደንቡ በጠቅላላው 13 የወይን ዓይነቶችን ይፈቅዳል፤ የአንዱን ዓይነት ነጭ፣ ቀይና ሮዝ ፍሬ ለየብቻ ከቆጠራችሁ 18 ይሆናሉ። ሻቶ ደ ቦካስቴል 13ቱንም እየተከለ በመጠቀም ይታወቃል። አብዛኛው ገበሬ ግን በሦስት በአራቱ ይብቃቃል። ከግሬናሽ ብቻ መሥራትም ይፈቀዳል።

ደንቡን ካነሳን፣ የጀመረው ባሮን ፒየር ለ ሯ ነው። የሕግ ሰው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በዚያ ዘመን የመንደሩ ወይን በጅምላ ወደ ሌላው የፈረንሳይ ወይን አገር ወደ ቡርጎኝ እየተጫነ ደካማ ወይን ማጠንከሪያ ይሆን ነበር፤ በስሙም ብዙ ይጭበረበር ነበር። በ1923 ባሮኑና ገበሬዎቹ ተነጋግረው ሕግ አወጡ። ከሕጎቹ አንዱ የሚገርም ነው፦ ወይኑ የሚተከለው ጦስኝና ላቬንደር አብረው የሚበቅሉበት ጭንጫ መሬት ላይ ብቻ ይሁን አሉ። ለሌላ እህል የማይመች መሬት መሆኑን የሚመሰክሩት እነዚህ ተክሎች ናቸውና። በ1936 ይህ ሥርዓት በመንግሥት ጸደቀና ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የፈረንሳይን የአካባቢ ስም ጥበቃ መጀመሪያ ካገኙት ወይኖች አንዱ ሆነ። ዛሬም ለቅሞ መሰብሰብ በእጅ ብቻ ነው። ከአንድ ሄክታር ከ35 ሄክቶ ሊትር (3,500 ሊትር) በላይ አይመረትም። አልኮሉም ቢያንስ 12.5 በመቶ መሆን አለበት። በተግባር ከ14 በታች ማግኘት ይከብዳል፤ 15 የተለመደ ነው።

የመንደሩ ሰው ሕግ ማውጣት ይወዳል መሰለኝ። በ1954 ከንቲባው ከሕዋ መጡ የሚባሉት በራሪ ሳህኖች በመንደሩ ክልል እንዳያርፉና እንዳይነሱ የሚከለክል ደንብ አወጡ። ያረፈ ካለም ይታሠራል ይላል። ደንቡ አልተሻረም።

2. ስትገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ እንደልብ የሚገኝ ወይን አይደለም። ብዙዎቻችን ጋ የሚደርሰው በሻንጣ ነው። ለሚያመጣላችሁ ሰው የምትነግሩት ይህ ነው።

ጠርሙሱን ይይ። አብዛኛው የሻቶኔፍ ጠርሙስ ትከሻው ላይ መስታወቱ ራሱ ያበጠ ምልክት አለው፦ የሊቀ ጳጳሱ አክሊልና የቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፎች። በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ሁሉም አምራች ግን ይህን ጠርሙስ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ምልክቱ ባይኖር አትደናገጡ።

ቀጥሎ ወረቀቱን። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» ወይም «ኦ ሻቶ» የሚል ካለ ወይኑ የታሸገው ያመረተው ገበሬ ቤት ነው። ነጋዴ ገዝቶ የቀላቀለው አይደለም ማለት ነው። ነጋዴ ያሸገው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ገንዘቤን ሳወጣ ገበሬውን እመርጣለሁ። «ቪዬይ ቪኝ» ማለት «ከአሮጌ ተክል» ማለት ነው፤ ስንት ዓመት ሲሞላው አሮጌ እንደሚባል ግን ሕግ አልወሰነም። ለዚያች ቃል ብቻ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ዓመቱን እዩ። 2010 እና 2016 ታላቅ ዓመቶች ናቸው። 2019ም ጥሩ ነው። 2002 በመስከረም ጎርፍ የተበላሸ ዓመት ነበር፤ ርካሽ ሆኖ ብታገኙትም እለፉት። እስከ አራት ዓመት ድረስ ፍሬው ደማቅ ነው፣ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ያኮርፋል፤ ሽታውም ጣዕሙም ዝግ ይላል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። ጥሩው 20 ዓመትም ይቆያል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወይ ገና ልጅ ሳለ፣ ወይ ጎልምሶ ይጠጣ፤ መሃል ላይ አትንኩት።

ፈረንሳይ ውስጥ ደህናው ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ዩሮ ነው። ከከበዳችሁ የጎረቤት መንደሮቹን ዢጎንዳስን ወይም ቫኬራስን አስመጡ። ጠባያቸው ቅርብ ነው፣ ዋጋቸው ይለዝባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሻቶ ፓፕ ክሌማን» የሚል ብታዩ እሱ ሌላ ነው፤ ከቦርዶ የሚመጣ ነው። ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ከክሌመንት 5ኛ ስለሆነ ሰው ያምታታዋል።

3. ቡፌ ላይ አታቁሙት

ቡፌ የውስኪ ነው። ውስኪ ሙቀቱን ከወይን ይልቅ ይችላል። ወይን አይችልም። ቡፌ ላይ የቆመ ወይን ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ፀሐይዋም ታበስለዋለች። የቀመሰው ሰው «የተቀቀለ ፍሬ» ይላል፤ የእኛም እንደዚያ ነበር።

ጨለማ፣ ቀዝቃዛና የማይነቃነቅ ቦታ ፈልጉ። ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ ራቅ ያለ የቁም ሳጥን ወለል ይበቃል። አግድም አስተኙት፤ ወይኑ ቡሹን ያረጥበዋል። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ለዚህ ደግ ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ከሆናችሁ ግን ቶሎ ጠጡት፤ አለዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይሻለዋል።

4. ማቀዝቀዝና መክፈት

ሰው ሁሉ «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» ይላል። ክፍሉ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። አባባሉ የመጣው ማሞቂያ ከሌለው የድሮ የአውሮፓ ቤት ነው። ያ ክፍል 16 ወይም 17 ዲግሪ ነበር። የአክስቴ ሳሎን በፋሲካ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ጓዳው እየተንተከተከ፣ 26 ሳይደርስ አይቀርም።

ለዚህ ወይን የምትፈልጉት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ 15 በመቶው አልኮል ቀድሞ ወደ አፍንጫ ይወጣና ፍሬውን ይሸፍነዋል። አጎቴ «ካቲካላ» ያሉት ይህንን ነው። ከ14 በታች ሲወርድ ደግሞ ሽታው ይታፈናል፤ ታኒኑም፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው የወይኑ ንጥረ ነገር፣ እንደ ጠቆረ ሻይ አፍ ይይዛል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስገቡት። ቤቱ በጣም ከሞቀ ከዚያ በላይ ይቆይ። ፍሪዘር አይሆንም፣ ትረሱታላችሁ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙት፤ ቀዝቀዝ ማለቱ ሊሰማችሁ ይገባል፣ ግን እንደ ቢራ መሆን የለበትም። ትንሽ ከበረደ አይጨነቁ። ብርጭቆ ውስጥ በራሱ ይሞቃል። የሞቀውን ማብረድ ነው መከራው።

ጎልማሳ ጠርሙስ ከሆነ ከዋዜማው አንስቶ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አተላ አለው። ጠላ የጠመቀ ሰው አተላ እስኪዘቅጥ መታገስን አይማርም፣ ያውቀዋል። ቡሹን በቀስታ ንቀሉ፤ ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራል። ከተሰበረም ዓለም አላለቀችም፣ በንጹሕ ማጥለያ አጥልሉት።

ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ አሽትቱት። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተታችሁ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል። አየር አያስተካክለውም። ምንም ያህል ቢወደድ አትጠጡት።

ወጣት ወይን ከሆነ በሰፊ የመስታወት ጆግ ገልብጡትና አንድ ሰዓት ያህል ይተንፍስ። ጆጉ የሳሙና ሽታ እንዳይኖረው በውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። አሥር ዓመት ያለፈውን ግን ብዙ አታቆዩት፤ መዓዛው ስስ ነው፣ ይበንናል። በቀስታ ቅዱ፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ።

5. መቅዳትና መቅመስ

ብርሌ ለጠጅ ተወልዷል፣ እዚያው ይቆይ። ለዚህ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልጉ። ሲሶውን ብቻ ሙሉ። ሞልቶ የቀረበ ብርጭቆ በእኛ ቤት አክብሮት ነው፣ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን መዓዛው የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። እንግዳችሁ ቅር እንዳይለው ቶሎ ቶሎ ድገሙለት።

ቀለሙን ከነጭ ጨርቅ በላይ አዘንብላችሁ እዩ። ግሬናሽ እንደ ብዕር ቀለም የጠቆረ አይደለም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሳሳ ስላለ «ቀጥኖ ነው» እንዳትሉ። ሲያረጅ ጠርዙ እንደ ጀበና ሸክላ ይቀላል።

አሽትቱ። ወጣቱ የበሰለ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የምታውቁት ነገር ይሸታል። ጦስኝ ነው። እዚያ ማሳው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ «ጋሪግ» ይሉታል፦ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደር። ፈረንጅ ስለዚህ ሽታ ብዙ ይጽፋል። እናንተ ግን ያደጋችሁበት ሽታ ነው፤ አንዱ ሻይ ውስጥ፣ አንዱ መጥበሻ ላይ። ያረጀው ደግሞ ወደ ቆዳ፣ ደረቅ በለስና እንጉዳይ ይሄዳል።

አንድ ጉንጭ ያዙና ትንሽ አቆዩት። ምላስ ላይ ወፍራም፣ ጣፋጭ ለመሆን የሚዳዳው፣ ግን ደረቅ ነው። ስትውጡት ጉሮሮ ላይ ለስላሳ ሙቀት ይተዋል። ሙቀቱ ካቃጠላችሁ ገና ሞቋል፣ ወደ ፍሪጅ መልሱት። መኪና የያዘ ሰው በዚህ ወይን ራሱን አያታልል፤ ልስላሴው አልኮሉን ይደብቃል።

6. ከምን ጋር ይቅረብ?

ሦስት ነገር ብቻ አስቡ። ስብና ሥጋ ታኒኑን ያለዝቡታል። በርበሬ አልኮሉን ያቀጣጥለዋል። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ኮምጣጣነት የጎደለውን ወይን ልፍስፍስ ያደርገዋል።

በአገሩ ጌታው በግ ነው። የፕሮቫንስ፣ ማለትም የዚያ የደቡብ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ሰዎች የበግ ታፋ በቢላ ጫፍ እየወጉ ነጭ ሽንኩርት ይሰኩበታል። ወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ያሹታል። ሁለት ኪሎ ለሚያህል ታፋ ኦቨኑን 200 ዲግሪ አሙቁና 20 ደቂቃ ይጠበስ፤ ከዚያ ወደ 180 አውርዱት። መሃሉ በቴርሞሜትር ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ አውጡት። ሩብ ሰዓት ሸፍናችሁ አሳርፉት፣ አለዚያ ጭማቂው ሳህን ላይ ይቀራል። ሌላው «ዶብ» የሚሉት የበሬ ወጥ ነው። ሥጋው በርካሽ ቀይ ወይን፣ በነጭ ሽንኩርትና በብርቱካን ልጣጭ ተነክሮ ያድራል፤ ከዚያ ሦስት አራት ሰዓት በቀስታ እሳት ይበስላል። ቀበጥ ለሆነ ሰው ደግሞ ከዚያው ቮክሉዝ ከሚባለው አውራጃ የሚወጣው ጥቁር ትሩፍል አለ። በእንቁላል ጥብስ ላይ ይፈገፈጋል፣ ከጎለመሰ ሻቶኔፍ ጋር ይቀርባል። እኔ አልደረሰኝም።

ወደ እኛ ማዕድ ስንመጣ የምሥራች አለኝ። የበግ ጥብስ ለዚህ ወይን የተፈጠረ ይመስላል። የጥብስ ቅጠሉ፣ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጠርዙ ላይ ያረረው ሥጋ፣ ሁሉም ከወይኑ ጋር ይተዋወቃሉ። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሥጋው ተጨናንቆ ውሃ እንዳያወጣ በትንሽ በትንሹ ጥበሱት። ቀይ ሽንኩርቱን ኋላ ጨምሩ፣ ቅቤውን ከዚያ ኋላ፣ የጥብስ ቅጠሉን መጨረሻ። ቃሪያ ካማራችሁ ፍሬውን አውጡ። አዋዜውን በሌላ ሳህን፣ ከወይኑ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የሚፈልግ ይነሣው። ሸክላ ጥብስም ይሄዳል፣ ጭሱ ይስማማዋል።

አሁን የሚያጣላኝን ልናገር። ከእንጀራ ይልቅ በዳቦ ብሉት። በደንብ የቦካ እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ወይኑን ያኮስሰዋል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ድፎ ዳቦ ስናቀርብላቸው ግን ዝም አሉ።

ክትፎ በሚጥሚጣው ልክ ይወሰናል። ቅቤውና ኮረሪማው ግሩም ናቸው። ለብለብ ቢሆን ይሻላል፣ ሚጥሚጣው የዓይን ጥቅሻ ያህል ይሁን። አይቡ ችግር የለውም። ቆጮው እንደ እንጀራው ይኮመጥጣል፣ በትንሹ። አልጫ፣ በተለይ የበግ አልጫና ቅቅል፣ ሰው አያስባቸውም እንጂ ደህና ጓደኞች ናቸው። የጾም ከሆነ እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ጥበሱ፤ ጎልማሳውን ወይን ከሥጋ ባልተናነሰ ያነሳዋል።

ዶሮ ወጥን ተዉት። ይህን የምለው ዶሮ ወጥን ንቄ አይደለም፣ አክብሬ ነው። በዚያ በርበሬ ላይ 15 በመቶ አልኮል ማፍሰስ እሳት ላይ ላምባ መድፋት ነው፤ ወጡም ወይኑም አይቀመሱም። ለዶሮ ጠጅ አለላት። የማሩ ጣፋጭነት በርበሬውን ያበርደዋል። ሽሮም ቀይ ወጥም እዚሁ ይመደባሉ። ዓሣ አይሆንም። ኬክና ቸኮሌትም ወይኑን ያመርሩታል። ከምግብ በኋላ የሚነካ ነገር ከፈለጋችሁ ጠንካራ፣ የቆየ የበግ ወይም የላም አይብ ይበቃል።

7. የተረፈው

ቡሹን መልሱበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። ግሬናሽ አየር አይወድም፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ስስ ከሆነ የሥጋ መረቅ ውስጥ ጨምሩት።

የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ሌላ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ይህኛውን ቁም ሣጥን ሥር አስተኛነው። የበዓሉ ለት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ገባ፣ በጉ ተጠበሰ፣ ድፎው ተቆረሰ። አጎቴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡም። «ጦስኝ ጨምራችሁበታል እንዴ?» ብለው አክስቴን ጠየቁ። እሷ ደግሞ ወይኑን ከቁብ አልቆጠረችውም፤ ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ ነበር። ሲያልቅ በሙቅ ውሃ አጥባ ወሰደችው። አሁን ምድጃው አጠገብ ቆሞ የኑግ ዘይት ይዟል፤ ትከሻው ላይ ያሉት የቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፎች ዘይት ጠግበው ያብረቀርቃሉ።